ወንድሜ ቀይ ቲሸርት መልበስ ጀመረ

*ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 41 ዓመቴ ነው፣ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። የ29 ዓመት ታናሽ ወንድሜ የዛሬ አራት ዓመት በዲቪ መጥቶ ከእኔና ከእናታችን ጋር ይኖራል። ዋሽንግተን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። አምና የሥራ ጓደኞቹ የዩኒየን ስቱዋርድ፣ ማለት የሠራተኛው ተወካይ፣ አድርገው ሲመርጡት ደስ ብሎን ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነብን። ከሶሻሊስቶች ጋር ስብሰባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፍ፣ ቀይ ቲሸርት፣ በየኪሱ በራሪ ወረቀት። ቡጢውን ጨብጦ የተነሳውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ ከአዲስ አበባ ድረስ እየደወሉ «ልጁን ምን ነካው?» ይሉናል።*

*እናታችን ታላቅ ወንድሟን ያጣችው በ1969 ነው። አቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ የማኅበር ሰው ነበር፣ ከቤት ወስደውት በዚያው ቀረ። የወንድሜን ፎቶ ካየች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እኔም ሥራውንም ወረቀቱንም ያጣል ብዬ ፈራሁ። ተናድጄ «ወይ እነሱን ወይ ይህን ቤት ምረጥ» አልኩት። ወረቀቶቹን ጣልኩበት፣ ቲሸርቱን ደግሞ መኪናዬ ኋላ ደበቅኩት። ካናገረኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ከእነዚህ ሰዎች መሀል እንዴት አድርጌ ላውጣው? — የጨነቃት እህት*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ ቲሸርቱ ላይ ቀረ። የ29 ዓመት ሰው ልብስ ደብቀሻል እኮ! ሳቂ፣ እኔም ስቄአለሁ። ግን «እንዴት ላውጣው» የሚለው ጥያቄሽና መኪናሽ ኋላ ያለው ቲሸርት አንድ ነገር ናቸው። አታወጪውም። ሰው ካመነበት ነገር በእህቱ ቁጣ ሲወጣ አላየሁም፤ እየደበቀ ሲያደርገው ግን ብዙ አይቻለሁ። የሚደብቅ ወንድም ደግሞ ለወረቀቱም ለእናትሽም የባሰ ነው።

ይህን ስል ፍርሃትሽን እያጣጣልኩ አይደለም። ከፍርሃትሽ ውስጥ እውነት የሆነ አለ፣ ያውም ከባድ። ችግሩ የሥራውን፣ የወረቀቱንና የእናትሽን ነገር አንድ ላይ ቋጥረሽ አንድ ቲሸርት ላይ ጫንሽው። እንፍታው።

መጀመሪያ ግን ልጠይቅሽ። ወንድምሽ ውሎው ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እኔ ፓርኪንግ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አምስቱን ስቱዋርድ ሆኜ። ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የመስታወት ቤት። እግርሽ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለች፤ ቁርጭምጭሚትሽን ታቃጥላለች፣ ጀርባሽ ግን በረዶ ነው። ምሳሽን ከቁልፎቹ ሰሌዳ ሥር ታስቀምጫለሽ፤ ወጡ የመኪና ጭስ ጭስ ይላል። ማታ ቤት ገብተሽ ስትናፈጪ ሶፍቱ ጥቁር ይሆናል። ይህን ለአዲስ አበባ ዘመድ ማንም አይነግርም፣ «መሀል ከተማ ነው የምሠራው» ነው የምንለው።

አንድ ቀን አንድ አባት የሒሳብ መዝጊያው ላይ 40 ዶላር ጎደላቸው። ካሸር ናቸው፣ አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ። ማናጀሩ ቢሮ ጠራቸው፤ ጥያቄው እንዴት ጎደለ ሳይሆን መቼ መውሰድ ጀመርክ የሚል ነበር። በዚህ አገር ሕግ ዩኒየን ያለው ሠራተኛ ሊያስቀጣው ለሚችል ጥያቄ ሲጠራ «ተወካዬ ካልመጣ አልናገርም» ማለት ይችላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ያጸናው መብት ነው። (የአሜሪካውን ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ፣ የእኛን በእኛ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታብሽ።) እሳቸው ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር አሏት። ወረድኩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ትኬቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ አልኩ፣ ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ሲቆጠር የሌሊቱ ሺፍት ሁለት ትኬት ወደ እሳቸው ሒሳብ ገብቷል። ማናጀሩ ይቅርታ እንኳ አላለም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰውየው ከቢሮ ሲወጡ ፊታቸውን በኮፍያቸው ጠረጉና ወደ መስታወት ቤታቸው ተመለሱ። በማግስቱ ባለቤታቸው ድፎ ዳቦ ላኩልኝ።

ወንድምሽን የያዘው ይኼ ነው፣ ፓርቲ አይደለም። መጀመሪያ የያዘው ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ደግሞ እነግርሻለሁ፣ ራሴ ሄጄበታለሁና። ስድስት ወር ተከራክረሽ በሰዓት 50 ሳንቲም ታስጨምሪያለሽ። ሰዉ ያጨበጭባል። በሁለተኛው ወር አከራዩ በወር 150 ዶላር ይጨምራል። የኪራይ ነገር የድርድር ጠረጴዛ ላይ አይነሳም፣ የአውቶቡሱ ነገር አይነሳም፣ የልጅ መዋያው አይነሳም። እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት ከተማው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ እዚያ ትሄጃለሽ። እዚያ ስትሄጂ ደግሞ ካንቺ ቀድሞ መጥቶ፣ ማይክ ይዞ፣ ቡና አፍልቶ የሚጠብቅሽ ማን ነው? ግራ ዘመሞቹ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሥራ ላይ ነው ወይም ተኝቷል። ዩኒየን ሠርቼ ፖለቲካ አይነካኝም ማለት ሽንኩርት እየከተፍኩ ዓይኔ አያለቅስም እንደ ማለት ነው።

አዲስ ነገርም አይደለም። አንድ ቀን ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ስትደርሺ የአንድ ጥቁር ሰው ሐውልት ፈልጊ፤ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ይባላል። ሶሻሊስት ነበር፣ በ1920 በሶሻሊስት ፓርቲ ስም ኒውዮርክ ውስጥ ተወዳድሯል። በ1925 የባቡር አልጋ አንጣፊዎችን ዩኒየን አቋቋመ። ሻንጣ የሚሸከሙ፣ ጫማ የሚጠርጉ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በባለቤቱ ስም «ጆርጅ» እያለ የሚጠራቸው ሰዎች ነበሩ። ከእኛ ፓርኪንግ የሚለየው ባቡር መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ኮንትራት የፈረሙት በ1937 ነው፣ ከ12 ዓመት በኋላ። ዶክተር ኪንግ «ሕልም አለኝ» ያሉበትን የ1963ቱን የዋሽንግተን ሰልፍ የመራውም ይኸው ሰው ነው። ሰልፉ ስሙ ላይ «ለሥራና ለነጻነት» ይላል፤ ሥራ የሚለውን ግን ሁሉም ይረሳዋል።

የቅርቡን ከፈለግሽ ደግሞ ሲያትል አጠገብ ያለችው ሲታክ አለች። በ2013 የኤርፖርትና የሆቴል ሠራተኛ በሰዓት 15 ዶላር ያግኝ የሚል ሕዝበ ውሳኔ በ77 ድምፅ ልዩነት አለፈ። እዚያ ኤርፖርት ሻንጣ የሚገፋው፣ መኪና የሚያጥበው፣ ነዳጅ የሚሞላው ሠራተኛ መካከል የእኛና የሶማሌ ልጆች ብዙ ናቸው። በዚያው ወር ሲያትል ራሷ አንዲት ሶሻሊስት ለምክር ቤት መረጠች፤ በዓመቱ ከተማዋ 15 ዶላሩን አጸደቀች። ስለዚህ «ከእነዚህ ሰዎች» ስትዪ ነገሩን ጠቅልለሽ አታራግፊው። እኔ ሶሻሊስት አይደለሁም። ደርግን ያየሁ ሰው ነኝ፣ ቃሉን ስሰማ አሁንም ትከሻዬ ይኮማተራል። ግን ያለ እነዚህ ሰዎች ጉትጎታ ስንቱ ነገር ባልመጣ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ወንድምሽ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት ያመለክታል። የዜግነት ማመልከቻው ላይ እስከ ዛሬ የኮሚኒስት ወይም የቶታሊቴሪያን ፓርቲ አባል ነበርክ ወይ፣ ግንኙነትስ ነበረህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ከቀዝቃዛው ጦርነት የተረፈ ጥያቄ ነው፤ ሕጉ የ1952 ነው፣ አልተሻረም። ከማመልከቻው በፊት ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ አባል የነበረ ሰው ዜግነት ይከለከላል፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፦ ተገድዶ የገባ፣ ከ16 ዓመት በታች የነበረ፣ ለእንጀራው ሲል የገባ። የእኛ ሽማግሌዎች ስለ ደርግ ፓርቲ፣ ስለ ኢሠፓ፣ ሲጠየቁ ላብ በላብ የሚሆኑት በዚሁ ጥያቄ ነው። እኔ አንድ ጎረቤቴን ኢንተርቪው አጅቤ ሄጄ ነበር። «ስኳር ለማግኘት ነው የገባሁት» ሲል አስተርጓሚው ራሱ ፈገግ አለ። እውነቱን ነበር ግን፤ አለፈም።

እና ወንድምሽ አባል የሆነበት ድርጅት የቱ ነው? በዚህ አገር ራሳቸውን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት የሚሉ አሉ፤ በምርጫ የሚያምኑ፣ ስማቸው ላይ ኮሚኒስት የሚል የሌለ። ስማቸው ላይ በግልጽ ኮሚኒስት ፓርቲ የሚል የለጠፉም አሉ፣ ሰልፉ ላይ ግን ሁሉም አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ወረቀት ያድላሉ፣ ለአዲስ መጤ ሁሉም አንድ ይመስሉታል። ሰልፍ መሄድ ሌላ፣ የአባልነት ፎርም መፈረም ሌላ። ፊርማው ነው አደጋው። አንድ ወጣት የማኅበር ሰው «ለአጋርነት ነው» ሲሉት ምኑንም ሳያነብ እንደሚፈርም ስለማውቅ ነው ይህን ያህል የማጠብቀው። ከመፈረሙ በፊት፣ ፈርሞም ከሆነ ከማመልከቱ በፊት፣ የኢሚግሬሽን ሎየር ያነጋግር። ፎርም የሚሞላ ጓደኛ አይደለም ያልኩሽ፣ ሎየር።

ሁለተኛው መታሰር ነው። እነዚህ ሰልፎች ላይ አንዳንዴ አውቀው መንገድ ላይ ተቀምጠው ይታሰራሉ። ዜጋ ለሆነው ልጅ 50 ዶላር ከፍሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ለእራት ቤቱ የሚመለስበት ነገር ነው። የወንድምሽ ማመልከቻ ግን ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ክስ ባይመሠረትም። መዋሸት ደግሞ ከመታሰሩ ይብሳል። ዘመኑም ክፉ ነው፦ በማርች 2025 ኒውዮርክ ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰው በተቃውሞ በመሳተፉ ተይዞ ከሦስት ወር በላይ ታስሯል፣ ምንም ወንጀል ሳይከሰስበት። ስለዚህ «አገሩ ነጻ ነው» ብሎ ቢመልስልሽ ይህን ንገሪው። መቀመጡን ዜጎቹ ይቀመጡለት፤ እሱ ዳር ቆሞ ውኃ ያቀብል። አንድም እውነተኛ ጓደኛ በዚህ አይቀየመውም። የሚቀየም ካለ፣ ያ ሰው ወንድምሽን ለፎቶ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛ፣ ይቺን በአንድ መስመር፦ ዜጋ ሳይሆን ድምፅ እንዳይሰጥ፣ ለመምረጥም እንዳይመዘገብ። ቅስቀሳ መሥራት ይችላል፣ ግሪን ካርድ ስላለው ገንዘብ ማዋጣትም ይችላል፤ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ግን ያቁም።

ሥራውን በተመለከተ ከምታስቢው በላይ ጥላ አለው። ዩኒየን መሥራቱን በራሱ ከ1935 ጀምሮ ሕግ ይጠብቀዋል፣ ዜጋ ባይሆንም። ኮንትራታቸው ላይ ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም የሚል አንቀጽ መኖሩን ይመልከት፤ አብዛኛው ኮንትራት ላይ አለ፣ እና ይኼ ዩኒየን የሌለው ሠራተኛ የማያገኘው ነገር ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1947 የወጣ ሕግ የዩኒየን መሪዎች ኮሚኒስት አይደለሁም ብለው በመሐላ እንዲፈርሙ ያስገድድ ነበር፤ በ1959 ደግሞ ኮሚኒስት የሆነ ሰው የዩኒየን ሥልጣን መያዙ ወንጀል ሆነ። ሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ ጭነት የሚያራግፍ አርቺ ብራውን የሚባል ሰው ነበር፤ ኮሚኒስትነቱን በአደባባይ የሚናገር፣ ሠራተኛው ደግሞ እያወቀ በተከታታይ የአጥቢያው ዩኒየን ቦርድ ላይ የመረጠው። ስድስት ወር ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1965፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ሕጉን ጣለውና ብራውን ነጻ ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ዳኞቹ አይደሉም፣ እነዚያ ጭነት አውራጆች ናቸው። አብዛኛዎቹ ኮሚኒስት አልነበሩም። ሰውየው ጭነቱ ሥር ሆኖ ማን እንደሆነ ያውቁታል፣ በቃ።

ወረቀት ማደሉ ላይ ግን መስመር አለ፣ ወንድምሽ ይወቀው። በምሳ ሰዓት፣ ሥራ በማይሠራበት ክፍል፣ «ዝቅተኛው ደመወዝ ይጨመር» የሚል ወረቀት ቢያድል ሕጉ ከእሱ ጋር ነው፤ የሠራተኛውን ኑሮ ስለሚነካ ፍርድ ቤት በ1978 እንደ ዩኒየን ሥራ ቆጥሮታል። እገሌን ምረጡ፣ ከእገሌ ፓርቲ ጋር ተቀላቀሉ ብቻ የሚል ወረቀት ግን ያ ጥላ የለውም። መኪና ተሰልፎ እየጠበቀ ማደልማ ጨርሶ አይሆንም። «የመናገር ነጻነት አለኝ» የሚለውም እዚህ አይሠራም፤ እሱ መንግሥትን ነው የሚያስረው፣ የግል ቀጣሪን አይደለም።

እስካሁን ወንድምሽን ነው የደገፍኩት። አሁን የእሱን ጥፋት ልንገርሽ፣ ካልተሳሳትኩ አጥፍቷልና። ቲሸርቱን ለብሶ ሥራ ቦታ ይገባል አይደል?

እኔ አንዴ ያደረግኩትን ላውራሽ። የምርጫ ዓመት ነበር። ለአንድ ተወዳዳሪ ልቤ ጠፍቶ፣ የምሳ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ሠራተኛው አቤቱታ የሚሞላበት ፎርም አጠገብ፣ የሰውየው ፎቶ ያለበትን ወረቀት ከምሬ ሄድኩ። ማንም ምንም አላለኝም። አራት ወር ቆይቶ አንድ የጎጃም ሰው፣ ዝምተኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሥራ ተቀነሰበት። ኮንትራቱ አይፈቅድም፣ በአንድ ደብዳቤ የማስመልስለት ነገር ነበር። እኔ ጋ አልመጣም። ብቻውን ማናጀሩን ለምኖ አንዷን ቀን አስመለሰ፤ ሌላዋ ቀረች። ስሰማ ሮጬ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አንተ የእነሱ ሰው መስለኸኝ» አለኝ። እነሱ እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩትም። አንድ ቀን ደመወዝ በሳምንት፣ ስንት ወር። የእኔ ዕዳ ነው።

ስቱዋርድ የሚወክለው ሁሉንም ነው። ቀዩንም፣ ሰማያዊውንም፣ ፖለቲካ ሲነሳ ሬዲዮ የሚያጠፋውንም። እኛ ፓርኪንግ ውስጥ ደግሞ «ሶሻሊስት» የሚለው ቃል ፈረንጁ በሚሰማው መንገድ አይሰማም። ለፈረንጁ ልጅ ቃሉ የሐኪም ቤት ዕዳ የሌለበት አገር ነው። ለእኛ ሰው የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ነው፣ የግዳጅ ውይይት ክበብ ነው፣ በር ማታ ሲንኳኳ ነው። አንዴ ሊያግዘን የመጣ ፈረንጅ ወጣት ደስ ይበላቸው ብሎ የሸመደዳትን አማርኛ «ጓዶች!» ብሎ ጀመረ። ሁለት ሰው ተነስቶ ወጣ። ልጁ እስከ ዛሬ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፣ ምስኪን።

ራንዶልፍ ያልኩሽ ሰውዬ ራሱ ይህን ነገር ቆርጦታል። የጥቁሮች ብሔራዊ ኮንግረስ የሚባል ትልቅ ድርጅት ሊቀመንበር ነበር፤ በ1940 ድርጅቱን ኮሚኒስቶቹ እየመሩት ነው ብሎ ትቶ ወጣ። ሶሻሊስትነቱን አልተወም። ዩኒየኑንም አልተወም። ሌላ ሰው የሠራተኛውን ስም ለራሱ ጉዳይ ሲጠቀምበት ግን እንቢ አለ። ወንድምሽም ቅዳሜ የፈለገውን ይልበስ፤ ሰኞ መስታወት ቤቱ ውስጥ ስቱዋርድ ብቻ ይሁን። የሠራተኛውን ስልክ ቁጥር ለሰልፍ መጥሪያ እንዳይሰጥ። ይህን አንቺ ብትነግሪው «እህቴ ስለ ዩኒየን ምን ታውቃለች» ይላል። እኔ አልኩ በዪው፣ ይህን ጽሑፍም አሳዪው።

የፌስቡኩ ፎቶ? ተዪው። የሚደውሉት ሰዎች በሁለት ሳምንት የሌላ ሰው ሰርግ ያገኛሉ። ገጹን ለወዳጅ ብቻ ክፍት ቢያደርገው ግን ለማመልከቻውም ይበጀዋል።

አሁን እናትሽ።

እሳቸውን «አሜሪካ ነው፣ ምንም አይሆንም» እያልሽ እንዳታጽናኚ። በ1969ም «ምንም አይሆንም» ያላቸው ሰው ነበር። የሚያውቁትን ነው የፈሩት። አጎታችሁ የኖረበትን ዘመን እስቲ አስቢው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ተቋቋመ፣ በንጉሡ ጊዜ። በየካቲት 1966 መጨረሻ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ሠራተኛው አራት ቀን ቆመ። ሰዉ በደርግ ተስፋ ባደረገበት ሰሞን ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ጠየቀ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። በ1968 ደርግ ማኅበሩን አፈረሰው፣ በ1969 መኢሠማ የሚባል የራሱን አቆመ። የፈረሰው ማኅበር ሊቀመንበር የነበረው ማርቆስ ሐጎስ ደርግን የሚቃወመው የኢሕአፓ ሰው ነበር፤ ተገደለ። ደርግ ያቆመው የመኢሠማ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለም በጥይት ተገደለ። ከሁለቱም ወገን ማለት ነው። ሁለቱም ወገን ደግሞ ቀይ ባንዲራ ይዞ፣ በሠራተኛው ስም ይምላል። በመሀል ያለው የአቃቂ ሠራተኛ የት ይግባ? እናትሽ ቀይ ቲሸርት ሲያዩ የሚያዩት ይህን ነው።

ወንድምሽ ይህን ያውቃል? ከደብዳቤሽ የገባኝ፣ አጎታችሁ ቤታችሁ ውስጥ «በዚያው ቀረ» የምትል ሁለት ቃል ናቸው። ከዚያ በላይ አይወራም። ልጁ ሜይ ዴይ በ1886 ከቺካጎ አድማ የመጣ መሆኑን ከአዲሶቹ ጓደኞቹ ተምሯል፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚማሩት እሷን ነው። የገዛ አጎቱ በየትኛው ወር እንደተወሰደ ግን አያውቅም። የማኅበሩ ምን እንደነበር አያውቅም፤ ገንዘብ ያዥ ይሁን፣ ጸሐፊ ይሁን፣ እንዲሁ መዋጮ ከፋይ። ሲወስዱት ምን ለብሶ እንደነበር እናትሽ ያውቃሉ። እመኚኝ፣ ያውቃሉ።

እሑድ ቡና አፍዪ። ወንድምሽ ሥራ ካለው ቀን ቀይሪ። መጀመሪያ አንቺ፣ በእናትሽ ፊት፣ «ቤቱን ምረጥ ያልኩህን አንስቻለሁ፣ ቤቱ ያንተም ነው» በዪው። ማብራሪያ አትጨምሪ፣ «ግን» አትበዪ። ከዚያ እናትሽን ስለ ወንድማቸው ጠይቂያቸው። ስለ አሟሟቱ ሳይሆን ስለ ሥራው፦ ፋብሪካው ውስጥ የቱ ጋ ነበር የሚሠራው፣ ስንት ሰዓት ይወጣ ነበር፣ ማኅበሩ ውስጥ እንዴት ገባ። ሊያለቅሱ ይችላሉ። ዝም ሊሉም ይችላሉ፤ ከሆነ ሌላ እሑድ አለ። ካወሩ ግን ወንድምሽ የሚጠይቀውን አንቺ እንዳትመልሺ፣ እሳቸው ይመልሱለት። እሱ ያንን ታሪክ ይዞ ወደ ስብሰባው ቢሄድ፣ «ጓዶች» ሲሉት ቢያንስ ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃል። እናትሽም ልጁ የሚያደርገውን ከእሱ አፍ ቢሰሙ፣ የአባትዬውን 40 ዶላር የመሰለ አንድ ታሪክ አያጣም፣ ፎቶው ላይ ያለው ቡጢ ትንሽ ይቀልላቸው ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት።

የሎየሩን ነገር ግን እስከ እሑድ አታቆዪው። ቀጠሮውን ዛሬ ያዢለት፣ የመጀመሪያውን ክፍያ አንቺ ቻዪው፤ ቅያሜውን ለመክፈት ከብዙ ይቅርታ ይሻላል።

ቲሸርቱን ደግሞ አውጪና አጥበሽ አልጋው ላይ አስቀምጪለት። ብቻውን እጠቢው፣ የሰልፍ ቲሸርት ቀለሙ ይለቃል፤ እኔ ሦስት ነጭ ሸሚዝ አበላሽቶብኛል።